ለሞተር ሳይክል ትንንሽ መለዋወጫ ወዴት ይኬዳል? ወኪል፣ ሶማሌ ተራ፣ ኩሽኔታ ቤት፣ ያገለገለ ወይስ ቶርኖ

ጎማ፣ ባትሪ፣ የፍሬን ሸራ፣ ካቴና ከነስፕሮኬቱ የትም ይገኛል። አስመጪ ቶሎ የሚሸጥለትን ስለሚያመጣ፣ በክፍለ ሀገር ከተማ ያለች ጠባብ ሱቅ እንኳ እነዚህን ደርድራ ትጠብቃለች። ሞተር ሁለትና ሦስት ሳምንት የሚያስቆመው ሌላ ነው፦ የካርቡሬተር ጋስኬት፣ የማርሽ ዘንግ ኦይል ሲል፣ የዘይት ማፍሰሻ ቡሎን ሮንዴላ፣ የካቴና መጋጠሚያ ክሊፕ። ሻጭ ትርፍ ስለማያይባቸው አያከማቻቸውም፤ ባለሞተሩም እስኪበላሹ ድረስ ስማቸውን አያውቅም።

ስለዚህ «የት ይረክሳል?» ብሎ መነሳት አያዋጣም። የትንሽ ዕቃ ወጪ ዋጋዋ አይደለም፤ ምልልሱና ሞተሩ ቆሞ የሚያልፈው የሥራ ቀን ነው። ከቤት ከመውጣት በፊት ሁለት ነገር ይለይ። ዕቃው በመጠን የሚሸጥ ነው ወይስ ለዚያ ሞዴል ብቻ የተሠራ? መንገድ ላይ ቢከዳስ የሚያስከትለው መዘግየት ነው ወይስ መውደቅ? የሚኬድበትን ቦታ የሚወስኑት እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

በመጠን የሚሸጥና በሞዴል የሚሸጥ

ኩሽኔታ፣ ኦይል ሲል፣ ኦሪንግ፣ ቡሎንና ዳዶ፣ ካንዴላ፣ ካቴና፣ አምፖል፣ ፊውዝ በመጠን የሚሸጡ ናቸው። ሞተሩን የገጣጠመው ፋብሪካ ራሱ አብዛኞቹን ከሌላ ፋብሪካ ነው የሚገዛቸው። ኩሽኔታው ላይ 6301 ተብሎ ከተጻፈ፣ ከባጃጅ ቦክሰር ይውጣ ከያማሃ፣ የውስጥ ቀዳዳው 12፣ የውጭ ስፋቱ 37፣ ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር ነው። 6202 ከሆነ 15፣ 35 እና 11 ነው። ይህን ለመግዛት ወኪል ቤት ሄዶ ወረፋ መያዝ ጊዜ ማባከን ነው።

የካርቡሬተር ተንሳፋፊ መርፌ፣ የፍሪሲዮን ክዳን ጋስኬት፣ የማርሽ መመለሻ ሞላ፣ የፍጥነት መቁጠሪያው ጥርስ፣ የሃይድሮሊክ ፍሬን ጎሚኒዎች ግን ለሞዴሉ የተሠሩ ናቸው። በዓይን ሲታዩ የሚመሳሰሉ ሁለት ሞላዎች በሽቦ ውፍረት በሩብ ሚሊ ሜትር ቢለያዩ ጉልበታቸው የተለየ ነው። እነዚህን በናሙና ብቻ መግዛት ቁማር ነው፤ የክፍል ቁጥር ያስፈልጋል።

ወኪል ቤት፦ ቁጥሩን የሚያውቀው እሱ ነው

የወኪል ትልቁ ሀብት መጋዘኑ አይደለም፤ ካታሎጉ ነው። ሞተሩ ተበታትኖ በሥዕል ይታያል፤ እያንዳንዱ ሮንዴላ ቁጥር አለው። ቁጥሩ በትክክል እንዲወጣ ግን «ቦክሰር ነው፣ ጥቁር ነው» ማለት አይበቃም። ሊብሬ ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ያስፈልጋል። ሊብሬው በእጅ ከሌለ የሻንሲ ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ መሪው በሚዞርበት የፍሬሙ አንገት ላይ፣ የሞተሩ ቁጥር ደግሞ በሞተሩ አካል የታችኛው ክፍል ላይ ተመትቶ ይገኛል። ጭቃውን በጨርቅ ጠርጎ በስልክ ፎቶ ማንሳት፣ ከዚያ በእጅ መገልበጥ ነው። ባለ 17 ቁጥርና ፊደል በሆነው የሻንሲ ቁጥር ውስጥ የላቲኖቹ ኦ፣ አይ እና ኪው ፊደላት አይገቡም፤ ኦ የሚመስል ካለ ዜሮ፣ አይ የሚመስል ካለ አንድ ነው። ብዙ ትእዛዝ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ቁጥሩ ሲነገር ይጻፉት፤ ራሱ መረጃ ይሰጣል። በሆንዳ አሠራር በ9 የሚጀምር ቁጥር በአብዛኛው የብዙ ሞዴሎች የጋራ የሆነ ዕቃ ነው። 94109-12000 ማለት የ12 ሚሊ ሜትር የዘይት ማፍሰሻ ሮንዴላ ነው። 95701-06020 ደግሞ ባለ 6 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 20 የሆነ ባለ ከንፈር ቡሎን። ቁጥሩ በዚህ መልክ ሲነበብ ወኪሉ «የለም፣ ይታዘዛል» ቢል እንኳ መንገድ ተሻግሮ ብሎን ቤት መግባት ይቻላል። ያማሃ ላይ በ9 የማይጀምር ቁጥር ሲሆን የመጀመሪያዎቹ ሦስት ምልክቶች ዕቃው መጀመሪያ የተሠራለትን ሞዴል ያመለክታሉ። ስለዚህ የሌላ ሞተር ምልክት ያለበት ዕቃ ቢሰጥዎ ስህተት ነው ብለው አይመልሱት፤ ካታሎጉ ካዘዘው ያው ነው። መጨረሻ ላይ ያለው 00 ወደ 01 ከተቀየረ ደግሞ ዕቃው ተሻሽሏል ማለት ነው፤ እንዲህ ባለ ጊዜ አዲሱ አሮጌውን ይተካ እንደሆነ ሻጩን ማስፈተሽ ነው።

ወኪል የሚያስቸግረው በሦስት ነገር ነው። አንደኛው፣ ነጠላውን አይሸጥም፤ የፍሪሲዮን እጀታ ፒን ሲጠይቁት እጀታውን ከነመያዣው ያቀርባል፤ አንድ ኦሪንግ ሲፈልጉ ሙሉ የካርቡሬተር ኪት። ይህ ሁልጊዜ ክፉ አይደለም፤ ኪቱ ውስጥ ያሉት ሌሎቹ ጎማዎችም ዕድሜያቸው እኩል ነው። ሁለተኛው መጠበቅ ነው። «በቅርቡ ይመጣል» የሚለውን መልስ አይቀበሉ፤ ዕቃው ተጭኗል ወይስ ገና አልታዘዘም ብለው ይጠይቁ። ገና ካልታዘዘ ቀብድ የሚከፈለው ደረሰኝ ላይ የክፍል ቁጥሩ ከተጻፈ ብቻ ነው፤ «የካርቡሬተር ዕቃ» ተብሎ የተጻፈ ቀብድ ኋላ ለክርክር ይዳርጋል። ሦስተኛው መመለስ ነው፤ ፌስታሉ ከተቀደደ ዕቃው አይመለስም። እዚያው ቆሞ ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን ማስተያየት የባለቤቱ ፋንታ ነው።

በሌላ በኩል ሞተሩ የመሥሪያ ቤት ወይም የድርጅት ከሆነ ንጽጽሩ ብዙም አያከራክርም። ያማሃ ኤጂ 100 የሚጠቀም የገጠር መሥሪያ ቤት 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ የታየበት ደረሰኝ ማቅረብ ስላለበት፣ ሕጋዊ ደረሰኝ የማይቆርጥ ሱቅ ምንም ቢያረክስ አይጠቅመውም።

አንድ ነገር በቅንፍ (ቁጥሩን ከወኪሉ ሠራተኛ አስወጥቶ ሳይገዙ መውጣት የተለመደ ነው። ሠራተኛውም ያውቀዋል። ቢያንስ ዘይት ፊልትሮውን ከእሱ መግዛት ለሚቀጥለው ጊዜ ጥሩ ፊት ያሰጣል።)

ሶማሌ ተራና የሰፈር መለዋወጫ ሱቅ፦ ናሙና ይዞ መሄድ

መርካቶ ሶማሌ ተራ ላይ ቋንቋው ቁጥር ሳይሆን ናሙና ነው። አሮጌውን ዕቃ በቤንዚን አጥቦ፣ አድርቆ ይዞ መሄድ ያስፈልጋል፤ ግሪስ የተቀባ ናሙና ላይ መጠኑም ጽሑፉም አይታይም። ከናሙናው ጋር ካሊፐር ቢያዝ ግማሹ ክርክር ያልቃል። ርካሹ የፕላስቲክ ካሊፐር ለዚህ ሥራ በቂ ነው።

እዚህ ገበያ «ኦሪጅናል» የሚለው ቃል ቢያንስ ሦስት ትርጉም አለው። የሞተሩ ፋብሪካ በራሱ ማሸጊያ ያቀረበው ኦሪጅናል ይባላል። ለፋብሪካው የሚያቀርበው አምራች በራሱ ስም የሸጠውም ኦሪጅናል ይባላል፤ ይህ ብዙ ጊዜ ያው ዕቃ ስለሆነ ከሁሉም የሚያዋጣው እሱ ነው። ሦስተኛው፣ ከረከሰው ትንሽ የሚሻል ኮፒ ነው። «ወንድሜ፣ ኦሪጅናል ነው?» ብሎ መጠየቅ «አዎ» ከማስባል ያለፈ ጥቅም የለውም። «የማን ምርት ነው? ከዚህ የሚረክስና የሚወደድ አለህ?» ሲባል ግን ሻጩ ሦስቱንም ጠረጴዛው ላይ ያወጣል፤ ልዩነቱ ጎን ለጎን ሲቀመጥ ይታያል።

ካንዴላ ለብቻው ሊነሳ ይገባል፤ አስመሳዩ ብዙ ነውና። ኤንጂኬ በተባለው የጃፓን ካንዴላ ላይ የመጀመሪያው ፊደል የጥርሱን ስፋት ይናገራል፦ ቢ 14፣ ዲ 12፣ ሲ 10 ሚሊ ሜትር። መሃል ያለው ቁጥር የሙቀት ደረጃው ነው፤ ቁጥሩ ሲያድግ ካንዴላው ይቀዘቅዛል። ቦሽ በተባለው የጀርመን ካንዴላ ላይ ግን አካሄዱ ተገላቢጦሽ ነው። ወደ ኤንጂኬ ስንመለስ፣ ከቁጥሩ በኋላ ኢ ካለ የጥርሱ ርዝመት 19፣ ኤች ካለ 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። የ12.7 ቦታ ላይ የ19 ቢገባ ፒስተን ሊመታ ይችላል፤ በተቃራኒው ከገባ ባዶ የቀረው የራስጌው ጥርስ ካርቦን ይሞላና ትክክለኛው ሲመለስ አያልፍም። አር የሚል ፊደል ካለበት ደግሞ በአር መተካት አለበት፤ ውስጡ ያለው ሬዚስተር የኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያውን ከረብሻ ይጠብቃል። አስመሳዩን ለመለየት የታችኛዋን ሮንዴላ በጣት ማዞር ነው፤ ከጥርሱ ላይ በቀላሉ ተሽከርክራ ከወደቀች ይተዉት።

ካቴና ላይ የሚያሳስተው ትንሿ መጋጠሚያ ናት። 428 እና 428ኤች የመገጣጠሚያ ርቀታቸው እኩል 12.7 ሚሊ ሜትር፣ የውስጥ ስፋታቸውም አንድ ነው፤ ስፕሮኬቱ ሁለቱንም ይቀበላል። ነገር ግን የኤቹ የጎን ብረት ይወፍራል። የ428 መጋጠሚያ ወደ 428ኤች ሲገባ ፒኑ ያጥርና ክሊፑ ጉድጓዱ ውስጥ በደንብ አይቀመጥም፤ ባለሙያው በፒንሳ ገፍቶ «ገባ» ይላል፣ አንድ ቀን መንገድ ላይ ይበራል። ክሊፑ ሲገባ የተዘጋው ጫፉ ካቴናው ወደሚሄድበት አቅጣጫ መዞር አለበት።

የፍሪሲዮንና የጋዝ ገመድ ሲገዛ ጫፉ ላይ ያለችውን የእርሳስ ጉብ ማየት ነው። ሽቦው ከጉቧ ጀርባ ወጥቶ ተበትኖ ከተሞላ ይይዛል፤ ዝም ብሎ ገብቶ ከቆመ ይነቀላል። ርዝመቱን ከነሽፋኑ ከአሮጌው ጋር ይለኩ፤ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያጠረ የጋዝ ገመድ መሪ ሲዞር ራሱ ጋዝ ይሰጣል።

ኩሽኔታ ቤትና ብሎን ቤት

ብዙ ባለሞተር የሚረሳው፣ ለትንሽ ዕቃ ግን ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያ ምርጫ መሆን ያለበት ይህ ነው። የወፍጮና የፋብሪካ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች የሞተር ሳይክል ስም አያውቁም፤ መጠን ግን ያውቃሉ።

ለጎማ ኩሽኔታ ቁጥሩ ብቻ አይበቃም፣ ጅራቱም ያስፈልጋል። 2አርኤስ ማለት በሁለቱም በኩል የጎማ ክዳን አለው፤ ዜድዜድ የብረት ክዳን ነው፣ አቧራ ቢከለክልም ውኃና ጭቃ ያስገባል። ለጭቃ መንገድ 2አርኤስ ይሁን። 6301 ጠይቆ 6201 ይዞ መመለስም ያጋጥማል፤ የሁለቱም ቀዳዳ 12 ነው፣ ውጪው ግን 37 እና 32 ነው።

ኦይል ሲል ላይ ሦስት ቁጥር ታትሟል፦ ውስጥ፣ ውጭ፣ ውፍረት። ለፊት ሹካ 33፣ 45፣ 8 የሚል ከሆነ ውፍረቱ 10 ወይም 11 የሆነውን ይዞ «ይገባል» የሚል ሻጭ አይመኑ፤ ሲሉ ቢገባም ማቆሚያው ክሊፕ ቦታ ያጣል። ደግሞም የሹካ ሲል ዘንጉ ወደላይ ወደታች የሚንሸራተትበት፣ የማርሽ ሲል የሚዞርበት ስለሆነ ከንፈራቸው የተለያየ ነው፤ መጠኑ ቢገጥምም አይተካካም።

ቡሎን ቀላል ይመስላል። ኤም 6፣ ማለትም ባለ 6 ሚሊ ሜትሩ፣ ጥርሱ (ከአንዱ ጥርስ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት) 1.0፣ ኤም 8 ጥርሱ 1.25 ነው፤ እዚህ ድረስ ችግር የለም። ኤም 10 ላይ ግን ገበያው የሚሞላው 1.5 ነው፣ የጃፓንና የሕንድ ሞተሮች ደግሞ በአብዛኛው 1.25 ይጠቀማሉ። የተሳሳተው ሁለት ሦስት ዙር በእጅ ይገባና ይጠብቃል። እዚያ ላይ በቁልፍ የጨመረበት ሰው የአሉሚኒየሙን ጥርስ በላው። ርዝመትም እንዲሁ ነው፤ ኤም 6 በአሉሚኒየም ውስጥ ቢያንስ ከ9 እስከ 12 ሚሊ ሜትር መያዝ አለበት፣ አጭሩ ጥርስ ይዞ ይወጣል። በሌላ በኩል የማይወጣ ዝግ ቀዳዳ ውስጥ የገባ ረጅም ቡሎን ደግሞ ወለሉን ነክቶ የሞተሩን አካል ይሰነጥቃል። የክዳን ቡሎኖችን ሲፈቱ ካርቶን ላይ የክዳኑን ቅርጽ ስሎ እያንዳንዱን በየቦታው መሰካት ይህን ሁሉ ያስቀራል። ለፍሬንና ለጎማ ዘንግ አካባቢ ከሆነ የቡሎኑ ራስ ላይ ቢያንስ 8.8 የሚል የጥንካሬ ደረጃ ያልተጻፈበት አይግባ።

የካርቡሬተር ዕቃ ለምን ከወኪል ይሁን

ከሁሉም በላይ ርካሽ ኪት ኪሳራ የሚያመጣው እዚህ ነው። የተንሳፋፊ መርፌው ጫፍ ጎማ ነው። ጎማው ለቤንዚን ካልተሠራ ያብጣል፤ ያበጠ መርፌ አይዘጋም። ቤንዚኑ በመፍሰሻው ከወጣ ደግ፤ ቱቦው ከተደፈነ ግን በሲሊንደር በኩል ወርዶ ዘይቱን ያቀጥነዋል። ጠዋት የዘይት መጠን «ጨምሮ» ቢገኝ፣ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ፣ ሞተሩን ሳያስነሱ ዘይቱን መቀየር ነው፤ ቀጭን ዘይት የክራንክ ኩሽኔታ ይበላል።

ቤንዚን በልክ የሚያሳልፉት ባለ ቀዳዳ ጄቶችም አሉ። ሚኩኒና ኬሂን በተባሉት ካርቡሬተሮች ላይ የሚጻፈው ቁጥር አንድ ዓይነት መለኪያ ስላልሆነ የአንዱ 100 የሌላው 100 አይደለም፤ ጥርሳቸውም ይለያያል። ርካሽ ኪት ውስጥ የሚመጣው ጄት ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ቀዳዳው ሊሳሳት ይችላል። ስለዚህ ኪት ከገዙ ጎማውንና ጋስኬቱን ይጠቀሙ፤ የነሐስ ጄቶቹ ካልተበላሹ አሮጌዎቹን አጥበው ይመልሱ። በሽቦ አይወጉ፤ ቀዳዳው ይሰፋል።

ቤንዚን የሚጠራቀምበት የካርቡሬተሩ ጎድጓዳ ጋስኬት ካልተገኘ በሲሊኮን መለጠፍ የተለመደ መፍትሔ ነው፤ መጥፎም መፍትሔ ነው። ቤንዚን ሲሊኮኑን ያሳብጠዋል፣ ቅርፊቱ ይቆረጥና ጄት ውስጥ ይወሸቃል።

ያገለገለ

ምናለሽ ተራም ሆነ ከጋራዥ ጓሮ፣ ያገለገለ የሚሻልበት ጊዜ አለ። ስፖኪዮ መያዣ፣ የጎን ክዳን፣ የመብራት ቅንፍ፣ እጀታ፣ የካርቡሬተር አካል፣ በዘንግ ላይ የሚገባ መለያ ቱቦ፣ ፋብሪካው ያቆመው ልዩ ቅርጽ ያለው ቡሎን፦ ያገለገለ ኦሪጅናል ከአዲስ ኮፒ በልጦ ይገኛል፣ ብረቱ ይሻላልና። ሲዲአይ (የኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያው ሳጥን) እና ሬጉሌተር ግን ሰክቶ፣ ሞተሩን ለሃያ ደቂቃ አሙቆ ከሞከሩ በኋላ ይግዙ፤ ሲቀዘቅዝ የሚሠራ ሲሞቅ የሚሞት አለ። የፍሬን ዕቃ፣ ጎማ ነክ ነገር፣ ኩሽኔታና ካቴና ያገለገለ አይገዛም።

ቶርኖ ቤት

ቡሽ፣ መለያ ቱቦ፣ የፍሬን ፔዳል ፒን ቶርኖ ላይ ይሠራል። የተበላ የኤም 6 ጥርስም ሰፍቶ ወደ ኤም 8 ይለወጣል፤ ከመስፋቱ በፊት ግን ዙሪያው በቂ ሥጋ እንዳለው ይታይ። የፍሪሲዮን ክዳን ጋስኬት በ0.5 ሚሊ ሜትር የጋስኬት ወረቀት በእጅ ይቆረጣል። የሲሊንደር ሥር ጋስኬት ግን በዘፈቀደ ውፍረት አይቆረጥም፤ ውፍረቱ ሲለወጥ የሲሊንደሩ ኮምፕሬሽን ይለወጣል። የጎማ ዘንግ ከተገኘው ለስላሳ ብረት ማስቀረጽም አይሞከርም፤ ይጎብጣል፣ ከዚያም ይሰበራል።

ከውጭ ማስላክ

አሜሪካ ያለ ዘመድ መጀመሪያ የሚታሰበው ሰው ነው፤ ለብዙዎቹ ሞተሮች ግን አይጠቅምም። ቦክሰርም ኤጂ 100ም እዚያ ገበያ ላይ የሚሸጡ ሞዴሎች ስላልሆኑ በአቅራቢያው ያለ ነጋዴ ካታሎጉ ውስጥ አያገኛቸውም። ለቦክሰርና ለቲቪኤስ ኬንያ ወይም ሕንድ የሚመላለስ ሰው ይሻላል፤ ኬንያ ውስጥ ቦዳ ቦዳ (የሞተር ሳይክል ታክሲ) የሚሠሩት በእነዚሁ ሞተሮች ነው። ለኤጂ ተከታታይ አውስትራሊያ ጥሩ ምንጭ ነው። የክፍል ቁጥሩን በጽሑፍ ይላኩ፤ ፎቶ ብቻ የተላከለት ሰው የሚመስለውን ይዞ ይመጣል። ያገለገለ ካርቡሬተር በአውሮፕላን የሚያመጣ ካለ ቤንዚኑ ተሟጦ፣ ታጥቦ፣ ሽታው ጠፍቶ ይሁን፤ የነዳጅ ሽታ ያለው ዕቃ ሻንጣ ፍተሻ ላይ ይቀራል።

ወኪል ቤት ከተደረሰ አይቀር

ለአንድ ሮንዴላ ተሂዶ በአንድ ሮንዴላ አይመለስም። የማፍሰሻ ሮንዴላ 5፣ ምክንያቱም አንዴ ሲጠብቅ የሚጨፈለቅ ነው፤ ሁለተኛ ሲገባ ያንጠባጥባል፣ ያንጠባጠበውን ለማቆም ሲጠበቅ ደግሞ የቡሎኑ ጥርስ ይሄዳል። የካርቡሬተር ጋስኬት 2። ተንሳፋፊ መርፌ 1። የዘይት ፊልትሮ ክዳን ኦሪንግ 3። የማርሽ ዘንግ ሲል 1። የፍሪሲዮን ክዳን ጋስኬት 1። የካቴና መጋጠሚያ ከነክሊፑ 2፣ አንዱ ከወንበር ሥር ካለው መፍቻ ጋር ይቀመጥ። ጎማ ነክ የሆኑትን ከፌስታላቸው ሳያወጡ፣ ፀሐይ በማያገኛቸው ቦታ፣ ከቤንዚንና ከባትሪ ራቅ አድርጎ ማስቀመጥ፤ ፌስታሉ ላይም የክፍል ቁጥሩን በማይጠፋ እስክርቢቶ መጻፍ።